አይጧ ወደ ክፍቱ ክንድ ስትወጣ

ሜዙን፣ የአይጥ ፍርሃት የምንለካበትን የእንጨት ዕቃ፣ ያሠራነው አንድ የሰፈር አናጺ ዘንድ ነው። አናጺው ለምን እንደምንፈልገው ጠይቆን «ለአይጥ ነው» ስንለው ወጥመድ መስሎት መዝጊያው የት እንደሚገባ ደጋግሞ ጠየቀን፤ መዝጊያ የለውም ስንለውም ግራ ተጋብቶ ዝም አለ። ዕቃው ከላይ ሲያዩት የመደመር ምልክት ይመስላል። አራት ክንዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንድ 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ክንዶች ግድግዳ አላቸው፤ የሌሎቹ ሁለቱ ጠርዝ ግን ባዶ ነው። ከወለሉ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግሮቹ ይቆማል። ሌላ ምንም የለውም። ስለ አንድ ተክል «ጭንቀት እንደሚያረግብ በእንስሳት ላይ ተረጋግጧል» የሚል ዐረፍተ ነገር ስታነቡ፣ ከዐረፍተ ነገሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ እንጨት ነው።

ነጯን አይጥ መሐሉ ላይ እናስቀምጣትና 5 ደቂቃ እንቆጥራለን። መጀመሪያ ወደ ዝጉ ክንድ ትሮጣለች። ጥቂት ቆይታ አፍንጫዋን ብቅ ታደርጋለች፤ ጢሟ ይርገበገባል፤ የኋላ እግሮቿ ከግድግዳው መሐል ሳይነቃነቁ ወገቧ እንደ ላስቲክ ይለጠጥና የፊት እግሮቿ ክፍቱን ጣውላ ይነኩታል፤ ወዲያው ደግሞ ተሰብስባ ትመለሳለች። አንዳንዷ ደፍራ ትወጣለች፤ ጠርዙ ዘንድ ደርሳም አንገቷን አዘቅዝቃ ወለሉን ትመለከታለች። አራቱም እግሮቿ ክፍቱ ክንድ ላይ ሲያርፉ ስቶፕዎቹን እጫነዋለሁ፤ ስትመለስ አቆመዋለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የቆመው በእነዚህ ሰከንዶች ድምር ላይ ነበር።

የሙከራው አስተሳሰብ ሲሰሙት ቀላል ነው። አይጥ አዲስ ቦታ መመርመር ትወዳለች፤ ገላጣና ከፍ ያለ ቦታ ደግሞ ትፈራለች፤ ምክንያቱም ገላጣ ቦታ ላይ የምትታይ አይጥ ለጭልፊት ቀለብ ናት። ሁለቱ ዝንባሌዎች ሲጋፉ የትኛው እንዳየለ የሚነግረን በክፍቱ ክንድ ላይ ያሳለፈችው ጊዜ ነው። ሺላ ሃንድሊና ባልደረባዋ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1984 አቀረቡት፤ በቀጣዩ ዓመት ሳንድራ ፋይል ያለችበት ቡድን በትልልቆቹ የላብራቶሪ አይጦች ላይ በዝርዝር ፈተሸው፤ በ1987 ደግሞ ሪቻርድ ሊስተር ለትንንሾቹ አይጦች እንዲሆን አድርጎ አስተካከለው። ዳያዜፓም የተባለው ጭንቀት የሚያረግብ መድኃኒት የተሰጣቸው አይጦች ወደ ክፍቱ ክንድ አዘውትረው ወጡ፤ ሰውን የሚያስጨንቁ መድኃኒቶች የተሰጧቸው ደግሞ ከግድግዳው አልወጣም አሉ። ካፌይን እንኳ መጠኑ ሲበዛ አይጦቹን ወደ ዝጉ ክንድ ይመልሳቸዋል። ርካሽ፣ ፈጣን፣ ማሠልጠን የማይጠይቅ፣ ኤሌክትሪክም የማይፈልግ ሙከራ በመሆኑ እንደኛ ላለ ላብራቶሪ እንደ መና የሚቆጠር ነው።

እኔን ዓመታት የፈጀብኝ ግን ይህ ማረጋገጫ ወደ የት እንደሚጠቁም መረዳት ነው። ዳያዜፓም የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ የተገኘው ሊዮ ስተርንባክ በሆፍማን ላ ሮሽ ሲሠራ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ ክሎርዳያዜፖክሳይድ በ1960፣ ቫልዩም ተብሎ የታወቀው ዳያዜፓም ደግሞ በ1963 ገበያ ላይ ዋሉ። ሜዙ የተፈተነው በእነዚህ መድኃኒቶች ነው፤ እነሱን ስለለየም ጥሩ ሙከራ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ግን ለጭንቀት ሕመም በሐኪሞች ዘንድ በቀዳሚነት የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊን ያሉ ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል የሚመለከቱ መድኃኒቶች ሆነዋል፤ እነሱ ሰውን የሚረዱት ከሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ ለአይጧ አንድ ጊዜ ሰጥተው ሜዙ ላይ ሲያወጧት ብዙውን ጊዜ ምንም ለውጥ አያሳዩም፤ አንዳንዴም ፍርሃቷን ያብሱታል። ቡስፒሮን የተባለው ሌላ የጭንቀት መድኃኒትም በዚህ እንጨት ላይ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም።

እንግዲህ ሰርትራሊን በከፋ ዞን አንድ ጫካ ውስጥ የሚበቅል ቅጠል ነው እንበል። አንዲት ተማሪ የአገር ሽማግሌ ጠይቃ፣ ቅጠሉን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ፈጭታ ወደ ላብራቶሪያችን ብታመጣው፣ ለአይጦቹ ሰጥታም ከአንድ ሰዓት በኋላ ሜዙ ላይ ብታወጣቸው፣ «ተክሉ ጭንቀት የማርገብ ባሕርይ አልታየበትም» ብላ ጽፋ ትመረቅ ነበር። በሜዙ ያሳለፍነውን ተክል ሁሉ የጠየቅነው «ጭንቀት ታረግባለህ ወይ?» ብለን ይመስለናል። በትክክል የጠየቅነው «ዳያዜፓም ትመስላለህ ወይ?» ብለን ነው።

እኔ የያዝኩት ተክል ጠጅ ሳር ነበር። የመረጥኩበት ምክንያት ብዙም የሚያኮራ አይደለም፤ ከቤታችን ጓሮ አለ፤ ሽታውን እወደዋለሁ፤ እናቴም ማታ ማታ በሻይ አፍልታ ስታጠጣን «እንቅልፍ ይሰጣል፣ ሐሳብ ያስጥላል» ትለን ነበር። በማመልከቻዬ ላይ ይህ ሁሉ «በባህላዊ ሕክምና ለጭንቀት ጥቅም ላይ ይውላል» በሚል አንድ መስመር ተጠቃለለ። ከዚያ መስመር በኋላ ያለው መንገድ በአገራችን የፋርማኮሎጂ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቅጠሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ለ72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ሜታኖሉ ሮታሪ በምንለው ማትነኛ መሣሪያ ይተናል፤ መጨረሻ ላይ እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቀራል፤ እኛም «ኤክስትራክት» እንለዋለን። ከዚህ ላይ በኪሎ ግራም የአይጥ ክብደት 100፣ 200 እና 400 ሚሊ ግራም ተመዝኖ በውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል። ለምን 100፣ 200፣ 400? ከኔ በፊት የነበሩት ሁሉ እንደዚያ ስላደረጉ ነው። የተሻለ መልስ አልነበረኝም፤ የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። በኪሎ ግራም 400 ሚሊ ግራም ማለት 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 10 ሚሊ ግራም ነው። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመለወጥ በተለምዶ ለ12.3 ይካፈላል፤ ስለዚህ ለሰው በኪሎ ግራም 32 ሚሊ ግራም ከግማሽ ያህል ይሆናል፤ 60 ኪሎ ለምትመዝነው እናቴ ደግሞ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ኤክስትራክት ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ኤክስትራክት ይወጣል ብንል፣ 2 ግራሙ ከ20 ግራም ደረቅ ቅጠል የሚገኝ ነው። 20 ግራም ደረቅ ጠጅ ሳር በሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ እዩት፤ ጉብ ያለ ክምር ነው። እናቴ ጀበና ለሚያህል ማንቆርቆሪያ የምትጨምረው ሦስት አራት ቅጠል ነው፤ የምታፈላውም በውኃ እንጂ በሜታኖል አይደለም፤ ሽታውን የሚሰጠው ሲትራል የተባለው ዘይታማ ነገር ደግሞ ከኔ ሮታሪ ውስጥ ከሜታኖሉ ጋር አብሮ ሳይተን አልቀረም። አይጦቼ የጠጡት የእናቴን ሻይ አልነበረም። እኔ ግን በመግቢያዬ ላይ የጻፍኩት ስለሻዩ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ሙከራዬ ተበላሸ፤ አበላሹን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ከትምህርቴ ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። አምስት ቡድን ነበረኝ፤ ውኃ ብቻ የሚሰጠው፣ ዳያዜፓም በኪሎ ግራም 1 ሚሊ ግራም የሚሰጠው፣ ሦስቱ ደግሞ የጠጅ ሳሩ መጠኖች፤ በእያንዳንዱ 6፣ በጠቅላላው 30 አይጦች። ውጤቱን ስደምር ዳያዜፓም የተሰጣቸው አይጦች ውኃ ከተሰጣቸው አልተለዩም። ይህ ማለት ሚዛኑ ራሱ ተሰብሯል ማለት ነው፤ የታወቀውን ኪሎ ያልመዘነ ሚዛን ያልታወቀውን ሊመዝን አይችልም። የዳያዜፓሙ ብልቃጥ ጊዜው አልፎ ይሆን ብዬ ቀኑን አየሁ፤ አላለፈም። ስሌቴን ሦስት ጊዜ ደገምኩት። መብራቱን ጠረጠርኩ፣ ወደ ኮሪደሩ የሚከፈተውን በር ጠረጠርኩ፣ በመጨረሻ ራሴን ጠረጠርኩ።

የእንስሳት ቤቱን የሚጠብቁት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። መኖ የሚሰጡት፣ ጭዳቸውን የሚቀይሩት፣ የትኛዋ አይጥ የትኛዋን እንደምትነክስ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሲያገኙኝ ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«እነዚህ ልጆች እኮ አዲስ አይደሉም» አሉኝ። «ባለፈው ሳምንት ያ ቀጭኑ ልጅ እንጨቱ ላይ ሲያወጣቸው አልነበረም? እጁን ሲያፍታታ።»

«ማንን? የኔን ቡድን?»

«አንቺ አገር ቤት ሄደሽ ነበር። ቅዳሜ ነው።»

ሌላ ተማሪ አሠራሩን ለመለማመድ ሲል አይጦቼን አንድ በአንድ ሜዙ ላይ አውጥቷቸው ኖሯል። ክፋት አልነበረውም፤ መድኃኒት አልሰጣቸውም፤ ምንም የሚጎዳ ነገር ያደረገ አልመሰለውም። ነገር ግን ሜዙን አንዴ ያየች አይጥ ለሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ ዳያዜፓም አይሠራባትም። ይህ በጽሑፍ የታወቀ ነገር ነው፤ የአንድ ጊዜ መላመድ ይሉታል፤ ሳንድራ ፋይል ራሷ ጽፋበታለች። አይጧ በመጀመሪያው ቀን ያየችው የማታውቀውን ነገር ነው፤ በሁለተኛው ቀን የምታየው ግን ቀድሞ የለየችውን አደገኛ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ ዓይነት ፍርሃት ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ያረገበው መድኃኒትም ሁለተኛውን አይነካውም። ይህን ስረዳ ከብስጭቴ ይልቅ መደነቄ በለጠ። አምስት ደቂቃ ብቻ የቆየች አይጥ ውስጥ ይህን ያህል ነገር የሚቀየር ከሆነ፣ እኔ «ጭንቀት» ብዬ በአንድ ቃል የጠራሁት ነገር ስንት ዓይነት ነው?

ሌላ 30 አይጥ ተፈቀደልኝ። የመጀመሪያዎቹ 30 እንደ ደንቡ ተሰናበቱ፤ ቃሉ የዋህ ነው፣ ድርጊቱ ግን አይደለም። ራስልና በርች በ1959 በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምር በተቻለ መጠን እንዲተካ፣ እንዲቀነስና ሥቃዩ እንዲቀልል ያስተማሩት ትምህርት በየማመልከቻችን ላይ ይጠቀሳል። እኔም ጠቅሼው ነበር፤ ቅዳሜ ቀን በሩን ግን አልቆለፍኩም ነበር።

ሁለተኛውን ዙር በጥንቃቄ ሠራሁት። የትኛው አይጥ ምን እንደተሰጠው ጓደኛዬ በኮድ ደበቀችልኝ፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስሸጋገር የቀዳሚዋ ሽታ እንዳይቀር ሜዙን በአልኮል ወለወልኩት፤ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ዳያዜፓም በዚህ ጊዜ እንደ ስሙ ሆነ። ጠጅ ሳሩ በትልቁ መጠን ትንሽ ያሻሻለ መሰለ፤ ግን በየክንዱ የገቡበትን ብዛት ስቆጥር አይጦቹ ጠቅላላ እንቅስቃሴያቸው ቀንሶ ነበር። ይህ የዚህ ሙከራ ትልቁ ወጥመድ ነው። ክፍቱ ክንድ ላይ የቆየች አይጥ ፍርሃቷ ለቅቋት ይሆናል፤ ወይም ድንዝዝ ብላ መመለስ አቅቷት ይሆናል። ስቶፕዎች ሁለቱን አይለይም። ለመለየት በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ቆመው ሚዛናቸውን መጠበቅ መቻላቸውን መፈተን ያስፈልጋል፤ የኛ ዘንግ ደግሞ በዚያ ሴሚስተር ተበላሽቶ ነበር። ስለዚህ የጻፍኩት መደምደሚያ «ሊኖረው ይችላል» በሚል ግሥ የተደገፈ ነው። ፈታኞቼ አልተቃወሙም። እኔ ግን ያንን «ይችላል» ዛሬም ሳነበው ያሳፍረኛል።

የሚያስገርመው፣ ጥያቄዬ ከመወለዴ በፊት ተመልሶ ነበር። ብራዚሎች ጠጅ ሳርን ልክ እንደኛ አፍልተው ለነርቭና ለእንቅልፍ ይጠጡታል። በሳኦ ፓውሎ የኤሊሳልዶ ካርሊኒ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ሻዩን ሰዎች በሚያዘጋጁት መንገድ አዘጋጅቶ መጀመሪያ ለእንስሳት፣ ቀጥሎም ለፈቃደኛ ሰዎች ሰጠ። ሻዩ ጉዳት አላሳየም፤ እንቅልፍም አላመጣም፤ ጭንቀትም አላረገበም። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ እዚያው ብራዚል ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች ከቅጠሉ የወጣውን ዘይት ለብቻው ለአይጦች ሲሰጡ ሜዙ ላይ ውጤት አገኙ። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም፤ ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ። ዛሬ በየድረ ገጹ የሚጠቀሰው ግን የዘይቱ ሲሆን፣ የሚሸጠው ሻዩ ነው። ካርሊኒ ያደረገውን ማድረግ፣ ማለትም ሰው የሚጠጣውን ራሱን ለሰው ሰጥቶ «አልሠራም» ብሎ ማሳተም፣ ከሁሉ የሚከብድና ከሁሉ የማይጨበጨብለት ሥራ ይመስለኛል።

ከጠጅ ሳሩ ይልቅ ለኛ የሚቀርበው የእጣን ጉዳይ ነው። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመተማና በትግራይ ቆላ የሚበቅለው ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው የእጣን ዛፍ ሙጫው ውስጥ ኢንሴንሶል አሲቴት የተባለ ውሑድ ጎልቶ ይገኝበታል። በኢየሩሳሌሙ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አሪዬ ሙሳየፍና ራፋኤል ሜሹላም ያሉበት ቡድን በ2008 ይህን ውሑድ ለብቻው አጥርቶ ለአይጦች ሰጠና ሜዙ ላይ አወጣቸው፤ ወደ ክፍቱ ክንድ ወጡ። ቡድኑ በዚህ አላበቃም። ውሑዱ ቲ-አር-ፒ-ቪ-3 የሚባለውን፣ በቆዳ ላይ ሙቀትን በመለየት የሚታወቀውን የሕዋስ በር እንደሚከፍት አሳየ፤ ከዚያም ይህ በር ከዘራቸው የጠፋ አይጦችን አምጥቶ ያንኑ ውሑድ ሲሰጣቸው ውጤቱ ጠፋ። እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ ባርኔጣ ባይኖረኝም ነጠላዬን አወልቃለሁ፤ ውጤት ማሳየት ብቻ ሳይሆን ውጤቱ መቼ እንደሚቀር ማሳየት ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ውሑዱ የሚጓዘው በዳያዜፓም በር በኩል አልነበረም፤ ስለዚህ ሜዙ ከዳያዜፓም ሌላ ምንም አያይም የምለው ክሴ እዚህ ላይ እንደሚላላ አምናለሁ።

ጋዜጦች ግን «እጣን ማጨስ አእምሮን ያረጋጋል» ብለው አወጡት፤ ወዳጅ ዘመዶቼም ዜናውን ሲቀባበሉት «ይኸው፣ የአባቶቻችንን ጥበብ ፈረንጅ አረጋገጠው» እያሉ ነው። አይጦቹ ጭስ አልሸተቱም። የነጠረ ውሑድ ነው በመርፌ የተሰጣቸው። ፍም ላይ ከወደቀ እጣን ስንቱ ሳይቃጠል እንደሚተን፣ ከሚተነው ስንቱ በአፍንጫ በኩል ወደ ደም እንደሚገባ፣ ከዚያም አንጎል ላይ እንደሚደርስ የሚነግር ነገር በዚያ ሙከራ ውስጥ የለም፤ ጸሐፊዎቹም ያን ለመጠየቅ አልተነሡም። በቡና ሥነ ሥርዓታችን ደግሞ እጣኑ ብቻውን አይመጣም። ቄጤማው አለ፣ ወሬው አለ፣ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አለ፤ ከሁሉ በላይ ሦስት ስኒ ቡና አለ፤ አይጧን ወደ ዝጉ ክንድ የሚመልሳት ካፌይን ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠን የሚሰማንን እፎይታ በሜዙ ቋንቋ ብንተረጉመው የሚገፋና የሚጎትት እኩል ተቀላቅሎበት ነው።

ሽታን በሽታነቱ የመረመሩ አሉ። በጃፓን የካጎሺማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት ላቬንደር ውስጥ የሚገኘውን ሊናሎል የተባለ ውሑድ አይጦች እንዲያሸቱት ብቻ አደረጉ፤ አላስዋጧቸውም፣ አልወጓቸውም። ያሸተቱት ደፋር ሆኑ፤ በሚሽከረከረው ዘንግ ላይም አልተንገዳገዱም። የማሽተት ነርቫቸው ቀድሞ እንዲጠፋ የተደረጉት አይጦች ግን ምንም አልተለወጡም፤ ስለዚህ ነገሩ በሳንባ ወደ ደም ገብቶ ሳይሆን በአፍንጫ በኩል እንደሠራ ታወቀ። ፍሉማዜኒል የተባለው የዳያዜፓምን በር የሚዘጋ መድኃኒት ሲሰጥም ውጤቱ ቀረ። አንድ ቀን አቅሙ ቢገኝ ስለ እጣን የምመኘው ይህን ዓይነት ሙከራ ነው፤ እጣኑ ፍም ላይ ይውደቅ፣ አይጦቹ ከነአፍንጫቸውና ያለ አፍንጫቸው ይፈተኑ፣ ከጎናቸውም ያለ እጣን የሚነድ ፍም ብቻ የሸተታቸው ቡድን ይቀመጥ። የከሰል ጭስ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ሳይለይ የእጣኑን መናገር አይቻልምና።

በአይጥ በኩል ሳያልፉ የመጡ ተክሎችም አሉ። ካቫ የሚባለውን ሥር የፓስፊክ ደሴቶች ሰዎች ለብዙ ትውልድ በውኃ በጥብጠው ሲጠጡት ኖረዋል፤ አውሮፓ ውስጥ እንክብል ሆኖ ሲሸጥ ግን የጉበት ጉዳት ሪፖርት መጣና ጀርመን በ2002 ከገበያ አስወጣችው፤ በ2014 ደግሞ ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ሜዙ ላይ የሚወጣው 5 ደቂቃ ስለ ጉበት ምንም አይናገርም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቅርቡ የአንድ ብልቃጥ ፎቶ ላከችልኝ፤ አሽዋጋንዳ ይላል። «ለጭንቀት ጥሩ ነው አሉኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ልውሰደው?» ትላለች። እሷ ሳታውቀው ያዘችው እንጂ ተክሉ የኛው ግዛዋ ነው፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ አገር ቤት ቡዳ ለማባረር ይታጠን የነበረው። የምትወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች መኖራቸውን ጠየቅኳት፤ የታይሮይድ መድኃኒት አለኝ አለች። እንግዲያው ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትንኪው አልኳት። «አንቺ እኮ የባህል መድኃኒት ተመራማሪ ነሽ» ብላ አኮረፈች። ሥራዬን በስሙ ስትጠራው እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀችም።

የጠጅ ሳሬን ሙከራ የጨረስኩበትን ሳምንት አንዳንዴ አስታውሰዋለሁ። ጋሼ ከእንስሳት ቤቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል ከሰዓት በኋላ ቡና ያፈሉ ነበር፤ እጣን ይጨምሩበትና ጭሱ በበሩ ሥር እየሾለከ ወደ አይጦቹ ይገባል። ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሲል ሄጄ፣ ሙከራው እስኪያልቅ ድረስ ለአሥር ቀን እጣኑን እንዲተዉልኝ ለመንኳቸው፤ ሽታው ውጤቱን ያበላሽብኛል ብዬ። ማጨሻውን አንሥተው ወደ ውጭ አወጡትና ፍሙ ላይ አመድ እየመለሱ፣

«አይጦቹን ይለውጣቸዋል ማለት ነው?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ ጋሼ። ሊለውጣቸው ይችላል።»

«እና ለምን እሱን አትመረምሪም?»

የያዝኩት የጊዜ ሰሌዳ፣ የተፈቀደልኝ ተክልና የተመደበልኝ 30 አይጥ መኖሩን አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአሥር ቀን ቡናቸውን ያለ እጣን ጠጡ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት የመጨረሻዋን አይጥ ከሜዙ ላይ ሳነሣ ጭሱ በበሩ ሥር ሲገባ ሸተተኝ።